ኮንሰርቱ ሲሰረዝ ማን ይከፍላል?

ሴፕቴምበር 2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዘፋኙ ዘ ዊክንድ በሎስ አንጀለሱ ሶፋይ ስታዲየም እየዘፈነ ሳለ ድምፁ ተዘጋ። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጥቂት ዘፈኖችን እንደተጫወተ አቁሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ የቲኬታችሁ ገንዘብ ይመለስላችኋል ብሎ ወረደ። ቶሮንቶ ውስጥ ከአያቱ ጋር አማርኛ እየተናገረ ያደገው ዘፋኝ፣ በእውነተኛ ስሙ አቤል ተስፋዬ፣ ችግሩ ከጉሮሮ ሳይሆን ከአእምሮ ውጥረት የመጣ እንደነበር ኋላ ተናግሯል። በ2025 የወጣው «ሃሪ አፕ ቱሞሮው» ፊልምም የተነሣው ከዚያ ምሽት ነው።

ዝናና የአእምሮ ሕመም ሲነሡ ቀድሞ የሚመጣው የ27 ዓመት ወሬ ነው። ሙዚቀኞቹ ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ጃኒስ ጆፕሊን፣ ኩርት ኮቤይንና ኤሚ ዋይንሃውስ በዚያ ዕድሜ ሞተዋልና። በ2011 የታተመ ጥናት በእንግሊዝ አልበማቸው አንደኛ የወጣላቸውን 1,046 ሙዚቀኞች መርምሮ 27 ዓመት የተለየ ሞት እንደሌለበት አሳየ። ያገኘው ግን የባሰ ነው፤ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ዝነኞች ከእኩዮቻቸው ሁለትና ሦስት እጥፍ ለሞት የተጋለጡ ናቸው።

ስማቸው ያልገነነው ይሻላቸዋል ወይ? የዌስትሚንስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ከ2,200 በላይ የሙዚቃ ሠራተኞችን ሲጠይቁ 71 በመቶዎቹ የጭንቀት ወይም የድንጋጤ ሕመም፣ 68 በመቶዎቹ ድባቴ እንዳጋጠማቸው ነግረዋቸዋል። መጠይቁን የሞሉት በፈቃዳቸው ስለሆነ ቁጥሩን የሁሉም ሙዚቀኛ ልክ አድርጎ መውሰድ አይገባም። መልሶቻቸው ግን ወደ አንድ ያመራሉ፦ ሙዚቃው ራሱ መድኃኒት ነው፤ የሚያሳምመው ገቢው አለመታወቁ፣ ሌሊቱ፣ ጉዞውና ሥራና ኑሮ መደባለቃቸው ነው።

የስዊድኑ ዲጄ አቪቺ ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ አሳይቷል። በመጠጥ ሳቢያ ቆሽቱ ታመመ፤ በ2014 ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ጉዞው ግን ቀጠለ። ስለ እሱ በ2017 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ «አልቻልኩም» እያለ ሲለምን፣ በዙሪያው ያሉት ደግሞ የቀሩትን ዝግጅቶች እንዲጨርስ ሲገፋፉት ይታያል። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። እንጀራቸው በእሱ መቆምና አለመቆም ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። በ2016 መድረክ አቆመ። በኤፕሪል 2018 በ28 ዓመቱ ኦማን፣ ሙስካት ውስጥ አረፈ።

ከሕመሙ ጋር የኖሩት ያደረጉት ሲታይ፣ ብዙዎቹ አንድ ነገር መተው ችለዋል። የቢች ቦይስ ባንድ መሪ ብራያን ዊልሰን በዲሴምበር 1964 አውሮፕላን ውስጥ ከባድ ጭንቀት ከያዘው በኋላ ጉዞውን ለባልደረቦቹ ትቶ ስቱዲዮ ገባ፤ «ፔት ሳውንድስ» የተሰኘው አልበም የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሕመሙ ለአሥርት ዓመታት አልለቀቀውም፤ ሥራው ግን አልሞተም። ስኮትላንዳዊው ዘፋኝ ሉዊስ ካፓልዲ በ2023 በግላስተንበሪ ፌስቲቫል መድረክ ላይ የቱሬት ሕመሙ ተነሥቶበት መዝፈን ሲያቅተው ሕዝቡ ዘፈኑን ጨረሰለት። በቀናት ውስጥ ሥራ አቁሞ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው መድረክ ተመለሰ። ዘፋኟ ሲያ ፊቷን ማሳየት ትታ በዊግ ሸፈነችው። ዘፋኟ ማራያ ኬሪ ግን ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለባት በ2001 ተነግሯት በአደባባይ ያወጣችው በ2018 ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ታሞ መደበቅ በራሱ ሌላ ሥራ ነው።

ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማት አሉ። አሜሪካ ውስጥ ሚዩዚኬርስ ከ1989 ጀምሮ ይሠራል፤ በእንግሊዝም ከ2017 ወዲህ ለሙዚቃ ሰዎች ሌት ተቀን የሚሠራ የስልክ መስመር አለ። ዘፋኟ ቻፔል ሮን ግን በ2025 የግራሚ ሽልማት መድረክ ላይ በቀጥታ የሙዚቃ አሳታሚዎቹን ነው የጠየቀችው፦ ለጀማሪ አርቲስት ኑሮን የሚሸፍን ክፍያና የጤና ዋስትና ስጡ ብላ። እኔ ከሁሉ ይበልጥ የምደግፈው ይህን ነው፤ የስልክ መስመር ሰውን የሚያገኘው ከወደቀ በኋላ ነውና።

እኛም ዘንድ አርቲስት ኩላሊቱን ወይም ልቡን ሲታመም ኮሚቴ ተቋቁሞ ገንዘብ ይዋጣል። አእምሮው ሲታመም ግን ቤተሰቡ ጠበል ይዞት ይሄዳል፣ ጎረቤት ያማዋል፣ አድናቂው «ጠፋ» ይላል። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ዝግጅት የምታሰናዱ ፕሮሞተሮች፣ በውላችሁ ውስጥ ለድምፅ ማጉያና ለሆቴል አንቀጽ እንደምታስቀምጡ ሁሉ፣ ዘፋኙ በአእምሮ ሕመም ሳቢያ ቢያቋርጥ ኪሳራው እንዴት እንደሚከፈልም አስቀድማችሁ ጻፉ።