የፊት ማደሻ አሲድና የነጋዴው ኃላፊነት

የፊትን ቆዳ በቀስታ ያድሳሉ የሚባሉት አሲድ ያለባቸው ፈሳሾች ዛሬ በውበት ሳሎንም በሱቅ መደርደሪያም የሚገኙ የንግድ ዕቃዎች ሆነዋል። ከእነዚህ አንዱ ግላይኮሊክ አሲድ ነው፤ ይህም የቆዳውን የላይኛውን የሞተ ሽፋን አላልቶ እንዲረግፍ ስለሚያደርግ፥ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ቆዳ ይገለጣል። ነገር ግን በዚህ አንድ ስም የሚሸጡት ዕቃዎች ኃይላቸው እጅግ የተለያየ በመሆኑ፥ አስመጪው ስሙን ብቻ አይቶ ሊያዝዝ አይገባውም።

በአሜሪካ የመዋቢያ ዕቃዎችን ደኅንነት የሚመረምረው የባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው ውሳኔ ጥሩ መመዘኛ ነው። ገዢው በቤቱ ለሚቀባው ዕቃ የአሲዱ መጠን ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ፥ ፒኤች የሚባለውም ልክ ከ3.5 እንዳያንስ፤ በሠለጠነ ባለሙያ ለጥቂት ጊዜ ተቀብቶ በሚገባ ለሚታጠበው ደግሞ ከመቶ 30 እጅ እንዳይበልጥ፥ ፒኤቹም ከ3.0 እንዳያንስ ይላል። ፒኤች ባነሰ መጠን አሲዱ ስለሚበረታ፥ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው መታየት አለባቸው። በሁለቱም ዓይነት የታከመ ቆዳ ከፀሐይ መጠበቅ ይኖርበታል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024፥ ብርቱ የሆኑት የቆዳ መላጫ አሲዶች ያለ ባለሙያ ቊጥጥር ቢቀቡ ቃጠሎ፥ እብጠትና ጠባሳ እንደሚያስከትሉ አስጠንቅቋል።

ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ለብዙ ወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ስለሚተው፥ ለአገራችን ደንበኞች ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለሙያው ከለስላሳው ጀምሮ፥ አስቀድሞ በጥቂት ቦታ ላይ ይሞክራል። ፊቱ ቁስል ያለበት፥ በፀሐይ የተቃጠለ፥ ወይም ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን እንክብል የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር ሊታከም አይገባም።

በኢትዮጵያ መዋቢያዎች በ2011 ዓ.ም. በወጣው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሥር ይተዳደራሉ። ከዚህም ሌላ አስመጪው የአሲዱን መጠንና ፒኤቹን ከላኪው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ለሳሎን የመጣውን ጠርሙስ ለባለሙያ ብቻ ይሽጥ። ባለሱቁም ጽሑፍ የሌለበትን ወይም ከትልቅ ዕቃ ወደ ትንሽ የተገለበጠውን አይቀበል። ከአንድ ጠርሙስ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ የደንበኛ ፊት ከተበላሸ ግን ጉዳቱ የደንበኛው፥ ነቀፌታው የሻጩ ይሆናል።