አዲሱ ራም ገባ፤ ዊንዶውሱ ግን አልጫን አለ

አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ኪስ ሲጎዳ፣ አሮጌውን ማደስ ጥሩ መላ ነው። ራሙን ከ4 ጊጋባይት ወደ 8 ወይም ወደ 16 ያሳድጋሉ፤ ቀርፋፋውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ይተካሉ፤ ከዚያም ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ማቆሙም ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ተጨማሪ ምክንያት ሆኗል።

ጣጣው የሚጀምረው ግን ጭነቱ መሐል ላይ ነው። ስክሪኑ በድንገት የስህተት መልእክት ያወጣል፤ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሳል። ቢደግሙትም ያው ነው። ያኔ አንዱ ዘመድ “ፎርማት አድርገውና ይለይለት!” ይላል። የልጆች የልደት ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤት ሰነድ ያለበት ዲስክ በአንድ ጠቅታ ባዶ ይሆናል። ጥፋቱ ግን የዲስኩም የዊንዶውሱም ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ መጨረሻ ላይ የተቀየረው ዕቃ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው።

ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ምን ነካው?

ራምን እንደ ሰፌድ ያስቡት። አንድ ጥጉ ላይ ቀዳዳ ቢኖረው፣ ጥቂት እህል ሲይዝ አይታወቅም፤ ሲሞላ ግን ያፈሳል። ፎቶ ሲያዩ ወይም ኢሜይል ሲያነቡ የተበላሸችው የራም ክፍል ላትነካ ትችላለች። ዊንዶውስ ሲጫን ግን ታጭቀው የመጡ እጅግ ብዙ ፋይሎች በራሙ በኩል አልፈው ይፈታሉ፤ ትክክለኛነታቸው ይረጋገጣል፤ ወደ ዲስክ ይጻፋሉ። በመሐል አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች ጭነቱ ይቋረጣል። አዲሱ ራም ሲከፍቱት ደህና መስሎ ጭነት ላይ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ፋይልዎን ያድኑ

“የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች” ይባላል፤ ከዲስክ የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። የቀየሩት ራሙን ብቻ ከሆነ፣ የድሮውን መልሰው ኮምፒውተሩን ያስነሱና ፋይሎችዎን ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ። ኤስኤስዲ ካስገቡ ደግሞ ጭነቱ ተጠናቆ ሁሉም ነገር መሥራቱን እስኪያረጋግጡ ድረስ አሮጌውን ዲስክ ነቅለው ያስቀምጡት። ሁለቱም ተሰክተው ከሆነ ጫኙ በቁጥር ብቻ ለይቶ ሲያሳይዎት፣ የተሳሳተውን መሰረዝ ቀላል ነው።

ወደ ነበረበት ይመልሱት

ኮምፒውተሩን ያጥፉ፤ ገመዱን ይንቀሉ፤ የላፕቶፑ ባትሪ የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። በሰውነትዎ ላይ ያለው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ መጀመሪያ የብረት ነገር ይንኩ። ከዚያ አዲሱን ራም አውጥተው በትክክል መልሰው ያስገቡት፤ በጫፎቹ ያሉት መያዣዎች ቀጭ ብለው መያዝ አለባቸው። በደንብ ያልገባ ራም ከተበላሸ ራም አይለይም። አሁንም እምቢ ካለ በድሮው ራም ብቻ ይጫኑ። በድሮው ያለ ችግር ካለቀ ተጠርጣሪው ተገኘ ማለት ነው።

አንድ በአንድ ይፈትሹ

ሁለት ራም ካለዎት እያንዳንዱን ለብቻው በአንድ ማስገቢያ ይሞክሩት፤ ቀጥሎ ደህናውን ራም በሌላኛው ማስገቢያ ይሞክሩት። የተበላሸው ራሙ ይሁን ማስገቢያው በዚህ ይለያል። ለየብቻ ደህና ሆነው አብረው ሲገቡ የሚያስቸግሩም አሉ፤ የተለያየ ዓይነት ራም ማደባለቅ ይህን ያመጣል። የባዮስ ቅንብርን ወደ መጀመሪያው መመለስም አንዳንዴ ይረዳል።

ለማረጋገጥ “ሜምቴስት 86” የተባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። ዊንዶውስ ሳያስፈልገው ከፍላሽ ይነሳል። ማታ አስጀምረው ይተኙ። ጠዋት አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ያ ራም አይታመንም። ውጤቱን ፎቶ አንስተው፣ ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ሻጩ ይመለሱ።

ራሙ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘስ?

ፍላሹን ይጠርጥሩ። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ሌላ ፍላሽ ላይ፣ በራሱ በማይክሮሶፍት መሣሪያ እንደገና ያዘጋጁና ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ይሰኩት። ጫኙ ኤስኤስዲውን ጨርሶ ካላየው ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ፤ አዳዲስ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ከአምራቹ የሚገኝ የዲስክ ድራይቨር መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። መብራት ድንገት ቢጠፋ ጭነቱ እንዳይቋረጥ የላፕቶፑን ባትሪ ይሙሉ፤ ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ ይጠቀሙ።

አንድ ነገር ይለዩ፦ “ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን ለመጫን የሚያስፈልገውን አያሟላም” የሚል መልእክት ብልሽት አይደለም። ዊንዶውስ 11 ከሌሎች ነገሮች በተጨማሪ “ቲፒኤም 2.0” የተባለውን የደህንነት ክፍል ይጠይቃል። አንዳንድ ኮምፒውተሮች ይህ ክፍል እያላቸው ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጥገና ቤት ሲሄዱ

የስህተት ስክሪኑ ከታች የሚጽፈውን የስህተት ስም ፎቶ ያንሱ። “ሜሞሪ ማኔጅመንት” የሚል ከሆነ ጥርጣሬው መጀመሪያ ወደ ራም ያመራል፤ “ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ” ከሆነ ወደ ዲስኩና ወደ ቅንብሩ። ለባለሙያው “ኮምፒውተሬ ተበላሸ” ከማለት ይልቅ ምን እንደተቀየረ፣ መቼ እንደተቀየረና ጭነቱ የት ላይ እንደቆመ ይንገሩት። የድሮውን ራምና ዲስክም ይዘው ይሂዱ። ከመለያየታችሁ በፊት ደግሞ “ሳትደውልልኝ ፎርማት እንዳታደርገው” ይበሉት፤ ቃል ብቻ እንዳይሆንም በተቀባይ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉት።