ከባህር ዳር የምንለቅማቸው ዛጎሎች፦ የትኛው ምንድን ነው? የትኛውንስ መንካት የለብንም?



በጅዳ፣ በያንቡና በጂዛን የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በእረፍት ቀን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ቀይ ባህር ዳርቻ ይወጣሉ። ልጆች ደግሞ አሸዋ ላይ ያገኙትን ዛጎል ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ ሲጨምሩ ይውላሉ። አብዛኛው ዛጎል ጉዳት የለውም። ነገር ግን ከመካከላቸው ሰው ሊገድል የሚችል መርዝ ያለው አለ። ስለዚህ በብዛት የሚገኙትን እንዴት እንደምንለይ ባጭሩ እናቀርባለን።

መጀመሪያ ምን እንይ?

ዛጎል አጥንት የሌለው ለስላሳ የባህር እንስሳ ገላውን ለመጠበቅ የሚሠራው ቤት ነው። አንድ ወጥ ሆኖ የተጠማዘዘ ከሆነ የቀንድ አውጣ ወገን ነው። እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆኖ በአንድ ጎኑ የመጋጠሚያ ምልክት ካለው ግን የሁለት ክፍል ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ባህር ውስጥ ቀርቷል።

በብዛት የሚገኙት

1. በአገራችን ዛጎል ሲባል የሚታወቀው፦ እንቁላል መሰል፣ አንጸባራቂና ለስላሳ ነው። ሆዱ ላይ ያለው ጠባብ ስንጥቅ ግራና ቀኙ እንደ ጥርስ የተሸነሸነ ነው። ትንሹ ዓይነት በአፍሪካና በእስያ ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ አገልግሏል። በየአገሩ ዛጎል እየጣሉ ዕድል የሚናገሩ፣ ለቡዳ መከላከያ ብለው ልጅ አንገት ላይ የሚያስሩም አሉ። ዛጎል ግን የሞተ እንስሳ ቤት ነው፤ አይጠቅምም፣ አይጎዳም። ጥበቃ የሚጠየቀው ከአላህ ብቻ ነው።

2. የሉል እናት፦ ውጭው ሻካራና ጥቁር ቡናማ፣ ውስጡ ግን እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ነው። በሱረቱ ረሕማን የተጠቀሰው ሉል የሚገኘው ከዚህ ዓይነቱ ፍጡር ሆድ ነው። የዳህላክ ደሴቶች በዚሁ ሉል ይታወቁ ነበር።

3. ግዙፉ ባለሁለት ክፍል፦ ወፍራምና ከባድ፣ ጠርዙ እንደ ማዕበል የሚታጠፍ ነው። ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስለሚደረግበት፣ ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ ይዞ ድንበር መሻገር ሊያስጠይቅ ይችላል።

4. ቀዳዳ ያለው ዛጎል፦ ሰው በመሰርሰሪያ የበሳው የሚመስል ክብ ቀዳዳ ካየን፣ ሌላ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ በስቶ ባለቤቱን በልቶታል ማለት ነው።

አደገኛው

ቅርጹ እንደ አይስክሬም መያዣ ነው፤ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ። ቀዳዳው በጎኑ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ጠባብ ስንጥቅ ሲሆን ጥርስ የለውም። ብዙ ጊዜ መረብ ወይም ጨርቅ የሚመስል ውብ ቡናማ ጥለት አለው። ልጆችን የሚስበውም ይኸው ውበቱ ነው። እንስሳው በሕይወት ካለ እንደ መርፌ ያለ መርዘኛ ጥርሱን በቀጭኑ ጫፍ በኩል ያስወነጭፋል። ለመርዙ ማርከሻ መድኃኒት የለም። ትልልቆቹ ዓይነቶች የሰው አተነፋፈስ እስከማቆም ይደርሳሉ።

ስለዚህ ይህን ቅርጽ ያለውን ባዶ ቢመስል እንኳ አናንሳ፤ ኪስ ውስጥም አንጨምር። ሰው ከተወጋ እንዳይንቀሳቀስ አድርገን፣ የተወጋውን እጅ ወይም እግር አጽንተን ይዘን፣ ወዲያው ሆስፒታል እናድርስ። ሕመሙ ቀላል ቢመስልም ቤት ተቀምጦ መጠበቅ አይገባም። በሳዑዲ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው።

በመጨረሻም፣ ማንኛውንም ዛጎል ከመውሰዳችን በፊት ገልብጠን ውስጡን እንይ። ባለቤቱ ወይም ተከራይቶ የገባ ትንሽ ሸርጣን ካለበት ወደ ባህሩ እንመልሰው፤ ቤቱ ነውና። ለልጆቻችንም ደንቡ አንድ ይሁን፦ መጀመሪያ ለአባት ወይም ለእናት ማሳየት፣ ከዚያ ማንሳት። አላህ ሁላችንንም ይጠብቀን!