ጓሳን ማን ጠበቀው?

በኅዳር 1977 ዓ.ም. በሎንዶን ዕውቅ ዘፋኞች ተሰባስበው፣ ለተራበው ወገናችን መርጃ የሚውል ዘፈን በሸክላ አስቀረፁ። የተገኘው ገንዘብ ለነፍስ አድን ተግባር መዋሉ አይካድም። ይሁን እንጂ ዘፈኑ ገና በርዕሱ፣ ተረጂዎቹ የልደት በዓል መድረሱን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። የተጠየቀውም ክርስትናን በ4ኛው መቶ ዘመን የተቀበለ ሕዝብ ነው! አፍሪቃንም ወንዝ እንደማይፈስባት ምድር ሣላት፤ የመንዝንና የመርሐቤቴን ውሃ ሰብስቦ ዓባይን የሚቀላቀለው ጀማ ግን ያን ጊዜም ይፈስ ነበር።

ይህ ሥዕል ዛሬም አልደበዘዘም። ከበለጸጉት አገሮች የሚነሡ ወጣቶች ለጥቂት ሳምንታት «በጎ ፈቃድ» ገንዘብ ከፍለው ወደ ድሃ አገሮች ይጓዛሉ። በአገሩ ለማስተማር የማይፈቀድለት፣ እዚያ ሲደርስ መምህር ይባላል፤ ሕፃናት አቅፎ ፎቶግራፍ ተነሥቶም ይመለሳል። በሥዕሉ ላይ የሚሠራው እርሱ፣ እጁን የሚዘረጋው ድሃው ነው።

የመንዝ ገበሬ ታሪክ ይህን ያፈርሳል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያገለግለውን የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈተ ጠበቀው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚያው ተጠለሉ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ነባሩ ሥርዓት ፈረሰ፤ ኗሪው ግን በኋላ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ።

እንግዳን መቀበል ባህላችን ነው። ወደ መንዝ የሚመጣ እንግዳም ከማስተማሩ አስቀድሞ፣ ገበሬው ጓሳን እንዴት እንዳቆየው ለመማር ይዘጋጅ።