የካናዳው ኢንጂነር፣ የዓሣ ጀልባዎቹ እና የአውሮፕላን ቲኬቱ

ሰውዬው የካናዳ የመጀመሪያው የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ነበሩ። በኋላ ግን የአውሮፕላን ቲኬት ከሥልጣን አስባረራቸው። ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ጃክ ዴቪስ ነው።

ዴቪስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1916 በምዕራብ ካናዳ፣ ብሪትሽ ኮሎምቢያ ግዛት ውስጥ ነው። ምህንድስና ተማሩ፣ የሮድስ ስኮላርሺፕ አገኙ፣ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ሠሩ። በ1962 በሊበራል ፓርቲ ተመርጠው የፌዴራል ፓርላማ ገቡ። በ1968 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ (አዎ፣ የጀስቲን አባት) የዓሣ ሀብት ሚኒስትር አደረጓቸው።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። በፓስፊክ ጠረፍ ሳልመን የሚያሰግሩ ጀልባዎች በጣም በዝተው ነበር። ዓሣው ያው ነው፣ ተሻሚው ግን ብዙ፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እያነሰ ሄደ። የዴቪስ መፍትሔ የኢንጂነር ሒሳብ ነው፦ የጀልባ ቁጥር ይገደብ፣ ፈቃድ ለአዲስ ገቢ አይሰጥ። እስከዛሬ "የዴቪስ ፕላን" ይባላል።

ባለጀልባዎቹ ግን ነቄ ነበሩ። ሕጉ የሚቆጥረው ጀልባውን እንጂ ትልቅነቱን አልነበረም። ስለዚህ የትንሿን ጀልባ ፈቃድ ይዘው ትልቅ ጀልባ ማሠራት ጀመሩ። መንግሥት ነቅቶ "አዲሱ ጀልባ በክብደት ከአሮጌው አይበልጥም" ሲል፣ እነሱ የተሻለ ሞተርና መሣሪያ ገጠሙ። የጀልባው ቁጥር ቀነሰ፣ የማስገር አቅሙ ግን ጨመረ። የፈቃድ ዋጋም ሰማይ ነካ። ካፒታል የሌላቸው፣ በተለይ ከነባር ሕዝቦች የሆኑ አስጋሪዎች፣ ከሥራው ወጡ። ዴቪስ ያልቆጠሩት ነገር ሰዎች ቀዳዳ ፈላጊ መሆናቸውን ነው ብንል አላጋነንም።

በ1971 አዲሱን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያዙ። በ1972 ካናዳ ለንግድ የሚደረግ የዓሣ ነባሪ አደንን አቆመች፤ ለኛ ትልቁ ሥራቸው ይሄ ነው።

በ1974 በምርጫ ተሸነፉ። ጡረታ የወጡ መስሏችሁ ይሆናል። በዓመቱ ሌላ ፓርቲ፣ ሶሻል ክሬዲትን፣ ይዘው የግዛቱ ምክር ቤት ገቡ። እኛ ሀገር ከፌዴራል ወደ ክልል እንደ መሄድ በሉት። ግን ውርደት አይደለም፤ የባሕር ዓሣ ጉዳይ የፌዴራል ሲሆን፣ ኤሌክትሪክና ማዕድን በዋናነት በግዛቱ እጅ ነው። ለኢንጂነር ደግሞ እሱ ትልቅ ሥራ ነው። የትራንስፖርትና የኢነርጂ ሚኒስትር ሆኑ።

ከዚያ ቲኬቱ መጣ። መንግሥት ለሥራ ጉዞ የአንደኛ ደረጃ ቲኬት ይገዛላቸዋል፤ እሳቸው ወደ ኢኮኖሚ ቀይረው ልዩነቱን ኪሳቸው ይከታሉ። ማለትም ለዚያች ብር ብለው ጠባቡ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይበሩ ነበር! በ1978 የግዛቱ መሪ ቢል ቤኔት ከሚኒስትርነት አነሷቸው፤ ፍርድ ቤትም በማጭበርበር ጥፋተኛ ብሎ ቀጣቸው።

በቃ፣ አለቀላቸው? አላለቀም። በቀጣዩ ዓመት ምርጫ መራጮቻቸው መልሰው መረጧቸው። በ1983 ደገሙ፣ በ1986 ሠለሱ። በ1986ቱ ምርጫ ማግስት እንደገና የኢነርጂ ሚኒስትር ሆኑ። በ1991 ሲሞቱም የዚያው የኖርዝ ቫንኩቨር አካባቢ ተወካይ ነበሩ።