ከነርቭ ላይ የሚበቅል እጢ

ከኅብለ ሰረሰር ወጥቶ ወደ እጅ ወይም ወደ እግር የሚዘልቅ አንድ ነርቭ በውስጡ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ክሮችን በጥቅል በጥቅል ይዟል። ክሮቹን የሚሸፍኑትና የሚንከባከቡት ሕዋሳት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገለጻቸው በጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን ስም፣ የሽዋን ሕዋሳት ይባላሉ። በነርቭ ላይ የሚበቅሉት አብዛኞቹ እጢዎች የሚነሡት ከእነዚህ ሸፋኞች እንጂ መልእክት ከሚያመላልሱት ክሮች አይደለም። ሐኪም እጢውን አውጥቶ ነርቩን ማትረፍ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ እጢዎች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም፤ በዝግታ ያድጋሉ፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይዛመቱም። በአዋቂዎች ላይ ዘወትር የሚያጋጥመው ሽዋኖማ የሚባለው ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ሆኖ፣ የራሱን ልባስ ለብሶ፣ የነርቩን ክሮች ወደ ዳር እየገፋ ይወፍራል። ወደ ካንሰር መለወጡ እጅግ ብርቅ ነው። ሁለተኛው ኒውሮፋይብሮማ ሲሆን፣ በውስጡ የሽዋን ሕዋሳት ከሌሎች ሕዋሳትና ከተያያዥ ሥጋ ጋር ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ክሮቹም በመካከሉ ተሰበጣጥረው ያልፋሉ።

ኒውሮፋይብሮማ ብቻውን ሊወጣ ይችላል። ብዙ ሆኖ ሲታይ ግን ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፎን ሬክሊንግሃውዘን በ1882 በዝርዝር የገለጸውን የዘር ሕመም ማሰብ ይገባል። ይህ ሕመም፣ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1፣ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ባለ ዘረ መል ጉድለት የሚመጣ ሲሆን፣ በግምት ከ3,000 ሕፃናት አንዱ ይዞት ይወለዳል። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከወላጅ የወረሱት ሲሆን በቀሩት ላይ ጉድለቱ አዲስ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ በቤተሰቡ ማንም የለበትም ተብሎ ልጅ አይታለፍም። በልጅነት ቆዳ ላይ የሚወጡ ስድስትና ከዚያ በላይ የማኪያቶ ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ቀዳሚ ምልክት ናቸው። በ22ኛው ክሮሞዞም ጉድለት የሚመጣው ሌላው የዘር ሕመም ደግሞ በሁለቱም የመስሚያ ነርቮች ላይ ሽዋኖማ ያበቅላል።

ታማሚው ወደ ሐኪም የሚሄደው አንዳንድ ጊዜ የማያም እብጠት አይቶ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ግን እብጠቱ ሲነካ እስከ ጣት ጫፍ ይነዝራል። ነርቩ ባለበት ቦታ መታ መታ ሲደረግ የሚሰማው ይህ ንዝረት፣ ፈረንሳዊው ዡል ቲኔል በ1915 ስለጻፈበት፣ የቲኔል ምልክት ይባላል። የጣት መዳሰስም ብዙ ይናገራል። የነርቭ እጢ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገፉት ይንቀሳቀሳል፤ በነርቩ ርዝመት ወደ ላይና ወደ ታች ግን አይሄድም። ምንም መሣሪያ የማይጠይቀውን ይህን ምርመራ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ማድረግ ይቻላል፤ መዘንጋቱ ግን ብዙ ያስከፍላል። አንገት ላይ የወጣ የነርቭ እጢ ንፍፊት መስሎ፣ አንጓ ላይ የወጣው ደግሞ ተራ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ከረጢት መስሎ ሲቆረጥ፣ ነርቩ አብሮ ይሄዳል። ጉዳት ያልነበረበት ሰው እጁ ዝሎ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ይወጣል።

ሥጋ ደዌ ፈጽሞ ባልጠፋባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ደግሞ የወፈረ ነርቭ ሁሉ እጢ አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በክርን በኩል የሚያልፈው ነርቭ ወፍሮ፣ ቆዳ ላይም ስሜት የሌለው የነጣ ወይም የቀላ ቦታ ከተገኘ መድኃኒቱ ጸረ ተሕዋስ እንጂ ቢላዋ አይደለም።

አልትራሳውንድ በርካሽ ዋጋ ትልቁን ጥያቄ ይመልሳል፦ ነርቩ በአንድ ጫፍ ወደ እብጠቱ ሲገባ፣ በሌላው ሲወጣ ያሳያል። ኤም.አር.አይ የእጢውን ስፋትና ከደም ሥርና ከአጥንት ጋር ያለውን ጉርብትና ይለያል፤ አንዳንዴም ዙሪያው ብሩህ፣ መሐሉ ጠቆር ያለ ክብ ምስል ይታይበታል። ያም ሆኖ ሽዋኖማን ከኒውሮፋይብሮማ በምስል ብቻ በእርግጠኝነት መለየት ያስቸግራል። የነርቭና የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ ደግሞ ጉዳት መድረሱንና መጠኑን ይመዘግባል።

በመርፌ ናሙና መውሰድ በሌሎች እጢዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም እዚህ ጥንቃቄ ይሻል፤ መርፌው ጤነኛ ክር ወግቶ የማይለቅ ሕመም ወይም ድካም ሊያስቀር ይችላል። ምስሉ ግልጽ ከሆነ አያስፈልግም። እጢው በፍጥነት ካደገ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካመጣ ወይም አዲስ የጡንቻ መዛል ከታየ ግን ነገሩ ይለወጣል። በተለይ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ባለበት ሰው ላይ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ሳይዘገይ ይወሰዳል።

የማያም፣ የማያድግና ሥራ የማያውክ እጢ ሊቆረጥ አይገባም፤ በየጊዜው በምስል እየታየ ይቆያል። ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ድካም ሲኖር ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ሐኪሙ በመጀመሪያ ከእጢው በላይና በታች ያለውን ጤነኛ ነርቭ ይገልጣል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያየ፣ የእጢውን ገጽ በትንሽ የኤሌክትሪክ መቀስቀሻ ይነካካል። ጡንቻ በተንቀሳቀሰበት ቦታ ሥራ ላይ ያለ ክር ስላለ ይተወዋል፤ ዝም ባለው ቦታ ልባሱን በነርቩ ርዝመት ይሰነጥቃል። ለዚህም ሲባል ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት በዚያ ሰዓት እንዳይሠራ ያደርጋል። ሽዋኖማው እንደ እሸት ባቄላ ከልባሱ ይፈለፈላል። በአብዛኛው አንድ የክሮች ጥቅል ብቻ ወደ እጢው ይገባል፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ሥራ አቁሞ ስለሚገኝ ቢቆረጥ ጉዳት አያመጣም። በሠለጠነ እጅ ሲሠራ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ይለቃል፣ የነርቩም ሥራ ይጠበቃል።

ኒውሮፋይብሮማ እንዲህ አይቀልም። በብዙ ክሮች መካከል ተሰራጭቶ የሚያድገውን ጠቅላላ ማውጣት ነርቩን መሠዋት ሊሆን ስለሚችል፣ ከፊሉን መቀነስ ብቻ የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ እጢ ሰሉሜቲኒብ የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ፈቃዱ መጀመሪያ የተሰጠው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የማይችል እጢና የሕመም ምልክት ላለባቸው፣ ሁለት ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሕፃናት ነበር። መድኃኒቱ በብዙዎቹ ላይ እጢውን ያሳንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም።

እብጠቱ ራሱ መነካት የሌለበት ጊዜም አለ። በመዳፍ ነርቭ ውስጥ ስብ ተሰግስጎ ሲወፍር፣ ስቡን ለመልቀም መሞከር ነርቩን ያበላሻል፤ አንጓ ላይ የሚጨቁነውን ጠባብ መተላለፊያ መክፈት ይበቃል። ከጉልበት በታች ነርቭ ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽ ደግሞ ምንጩ አጠገቡ ያለው መገጣጠሚያ ነው፤ ከመገጣጠሚያው የሚያገናኘው ቅርንጫፍ ካልተቋረጠ ቢቀዳም ተመልሶ ይሞላል።

የወጣው እጢ ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ መላክ አለበት። ሙሉ በሙሉ የወጣ ሽዋኖማ እምብዛም አይመለስም፤ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ያለበት ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ክትትል ያስፈልገዋል።