ባዶውን ቦታ ማን ይሙላው?

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ፣ ከእንጦጦ ግርጌም በየካ መንደሮች፣ ጅምር ሕንፃ ባለበት ሁሉ የጠጠር ክምር አለ። ግንበኞች ጠጠሩን በቁጥር ይጠሩታል፦ ትልቁ 02፣ መካከለኛው 01፣ ደቃቁ 00። አርማታ ሲቦካ ግን አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም የጠጠር ክምር ሙሉ ቢመስልም ብዙው ቦታ አየር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 ስኮት የተባለ የቶሮንቶ ተመራማሪ እኩል የብረት ኳሶችን ዕቃ ውስጥ እያፈሰሰና እየነቀነቀ ለካ። ኳሶቹ የያዙት ከዕቃው 64 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ኳሶቹ ቢያንሱም ሁሉም እኩል እስከሆኑ ድረስ ውጤቱ ያው ነው፤ ክፍተቶቹ ያንሳሉ፣ ቁጥራቸው ግን ይበዛል። ካባ ላይ የተፈለጠ ድንጋይ ደግሞ ማዕዘናም ስለሆነ የባሰ ክፍተት ይተዋል።

መፍትሔው መቀላቀል ነው። ትንሹ በትልልቆቹ መካከል ሾልኮ እንዲገባ ግን መጠኑ ከትልቁ አንድ ሰባተኛ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ ትልልቆቹን ገፍቶ ያራርቃቸዋል። ትንሹ በጣም ደቃቅ ከሆነ ቀሪው 36 በመቶ ባዶ ቦታ በተራው 64 በመቶው ይሞላል፤ ድምሩ 87 በመቶ ይደርሳል። ሦስተኛና አራተኛ መጠን ሲጨመር ክፍተቱ ይበልጥ ይጠባል። አሜሪካውያኑ ፉለርና ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1907 ለዚህ ቀመር አወጡ፦ ትልቁ ጠጠር 20 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ሲሚንቶን ጨምሮ ከደረቁ ድብልቅ ግማሹ በ5 ሚሊሜትር ወንፊት ማለፍ አለበት።

ትርፉ የገንዘብ ነው። አሸዋ የጠጠሩን ክፍተት ይሞላል፤ የቀረውን የሚሞላው ሲሚንቶና ውሃ ነው። ከሁሉም ውዱ ሲሚንቶ ስለሆነ፣ ክፍተት በጠበበ ቁጥር ወጪው ይቀንሳል፤ አርማታው ሲደርቅ መሸብሸቡም ያንሳል።

ይሁንና ድብልቅ ይለያያል። ክምሩ ሲዘረገፍ ትልልቁ ወደ ጠርዙ ይንከባለላል፤ አካፋ ከአንድ ጎን ብቻ ከዛቀ ልኩ ይዛባል። አርማታ ከከፍታ ሲወረወር ወይም ቫይብሬተር ሲበዛበትም ያው ነው።

ባዶ ቦታ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። በየካ ተዳፋት የድጋፍ ግንብ ሲሠራ ከጀርባው የሚሞላው አንድ መጠን ያለው ጠጠር ነው፤ የእንጦጦ የክረምት ውሃ በክፍተቱ ካልወጣ ግንቡን ይገፋዋልና።

ቤት የምትሠሩ ሰዎች ይህን ሞክሩ፦ 20 ሊትር ባልዲ በራሰ ጠጠር ሙሉና ውሃ እየለካችሁ እስከ አፉ አፍስሱ። የገባው ውሃ የክፍተቱ ልክ ነው፤ ከ8 ሊትር ቢበልጥ አይግረማችሁ። ስለዚህ ጠጠር ስትገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ስብጥሩንም ጠይቁ።